ውሃ በመቀነት

ወንድሜ ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀን ቅዳሜ ነው። የተለየ ነገር አልነበረውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰዎች ስለሚጠይቁን ነው። «ምልክት አላያችሁም?» ይሉናል። አላየንም። ቁርስ በላን። እናቴ በርበሬ ልታሰጣ ግቢው ውስጥ ሰሌን ዘረጋች። ወንድሜ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ስሮጥ ውሃ የምይዝበትን ነገር ይፈልግ ነበር።

ወንድሜ ሰቆጣ ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል ይጠግን ነበር። ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ይበልጣል። አያ ነው የምለው። አባታችን በልጅነቴ ስላረፈ ቤቱን የያዘው እሱ ነው፤ እኔን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማረኝም እሱ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ሩጫ ጀመርኩ። ለምን እንደጀመርኩ በደንብ ማስረዳት አልችልም። ስሮጥ ደስ ይለኛል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ወንድሜ አንድም ቀን «ሥራ ፈልግ» ብሎኝ አያውቅም።

አሠልጣኛችን ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ መሮጥ የማይችል ሰው ለክለብ ምርጫ አልወስድም አለ። ሁለት ሰዓት ለመሮጥ የሚመቸኝ ወደ አምደወርቅ የሚወስደው መንገድ ነበር። እዚያ መንገድ ላይ ደግሞ በበጋ የሚጠጣ ውሃ የለም። ሁለት ጊዜ አዙሮኝ ተቀምጫለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከድንጋይ ጋር አሳፍሮ አመጣኝ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ «ውሃ ሳትይዝ ከዚህ በር አትወጣም» አለ።

ለመናገር ቀላል ነው። ሮጦ የማያውቅ ሰው ግን ውሃ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አይገባውም። የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ በእጄ ይዤ ሞከርኩ፤ አንዱ ትከሻዬ ወረደ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። ቱታዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ሱሪዬን ወደ ታች ሲጎትተው በአንድ እጄ ሱሪ ይዤ ሮጥኩ። የትምህርት ቤት ቦርሳዬን አዝዬ ወጣሁ፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ እየዘለለ አከርካሪዬን ሲደበድበኝ ዋለ፣ ማታ ጀርባዬ ተልጦ እናቴ ቅቤ ቀባችኝ። ወንድሜ ከአሮጌ ካላማዳሪ፣ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ቆርጦ ደረቴ ላይ አሰረልኝ። እሱ ደግሞ ትንፋሽ አሳጣኝ፣ የጎማ ሽታውም ለሦስት ቀን አልለቀቀኝም።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ተስፋ ቆርጬ ነበር።

«አያ፣ ይቅርብኝ» አልኩት። «ከመውጣቴ በፊት እንደ ግመል ጠጥቼ እወጣለሁ።»

«ግመል ብትሆንማ ጥሩ ነበር። አንተ አህያ ነህ። ሳይጭኑህም ትወድቃለህ።»

እናቴ ከበርበሬዋ ቀና ሳትል «ወንድምህን አህያ አትበለው፤ የወለድኩት እኔ ነኝ» አለች።

ወንድሜ ሳቀ። ሲስቅ ትንሽ አሳለው። ከዚያ ግማሽ ሊትር የምትይዘዋን ፕላስቲክ አንስቶ ወገቤ ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ አጋድሞ ያዛት።

«በሰፊ ጨርቅ ሁለት ዙር ብትጠመጠምስ? እንዲህ ሲታሰር አይቻለሁ።»

«የት?»

«አንድ ቦታ» አለና ወደ እናታችን ዞረ። «እማ፣ ረዘም ያለ ጨርቅ አለሽ?»

ገመዱ ላይ የታጠበ ነጠላ ተሰጥቶ ነበር። እናቴ አውርዳ ሰጠችው። ወንድሜ ነጠላውን አጥፎ ፕላስቲኳን መሐሉ ላይ አድርጎ ወገቤ ላይ አሰረልኝና ጫፉን ከፊት ቋጠረው። ወጣሁ።

እዚህ ላይ ማቆም አለብኝ። በእኛ በኩል ሰው ነጠላ ወገቡ ላይ አጥብቆ አስሮ በአውራ መንገድ ሲሮጥ ከታየ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ሰው ሞቷል፣ ሯጩም ለዘመድ ሊናገር እየሄደ ነው። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ታውቃለች፣ ወንድሜ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ሦስታችንም አልታየንም። እኛ የምናስበው ስለ ውሃው ብቻ ነበር።

ከተማውን ወጥቼ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እንደሮጥኩ፣ ከመንገዱ ዳር አጥሩ ቁልቋል የሆነ ቤት አለ። አንዲት አሮጊት ደጃቸውን ይጠርጉ ነበር። ነጠላው ስለላላ እየሮጥኩ በሁለት እጄ ሳጠብቀው ቀና ብለው አዩኝ። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ወደ መንገዱ መጡ።

«ሞተ? ወየው! ሞተ እንዴ?»

ከዚያ በአገውኛ ማልቀስ ጀመሩ። ከጎረቤት ሁለት ሴቶች እየሮጡ ወጡ። አውድማ ላይ የነበረ አንድ ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። አንደኛዋ ሴት ምንም ሳትጠይቅ ደረቷን መምታት ጀመረች።

«ማንም አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ። «ውሃ ነው! እማማ፣ ውሃ ነው!»

«የምን ውሃ?» አለ ሰውዬው።

ነጠላውን ፈትቼ ፕላስቲኳን አሳየሁት።

«አንተ የማትረባ!» አለ ሰውዬው። «ለአንድ ጉንጭ ውሃ አገር ታስለቅሳለህ?»

«እኔማ አጎቴን አልቅሼ ጨርሼ ነበር» አለች ደረቷን ስትመታ የነበረችው። ሌላዋ በሳቅ ፍርስ አለችና ትከሻዬን በጥፊ መታችኝ። «ቆይ አንተ! እንባችንን መልስ!»

አሮጊቷ ግን አልሳቁም። በራቸው ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ትክ ብለው አዩኝ። «ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ማን?»

«ሁሉም» አሉ ቆየት ብለው። «ሁሉም ደኅና ነው?»

«ደኅና ነን፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ውሃውን በእጄ ይዤ ሩጫዬን ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሄጄ ለወንድሜ ነገርኩት። ሰውዬው ኮፍያውን ሲያወልቅ፣ ሴትየዋ ስለ አጎቷ ያለችውን፣ ሁሉንም እያስመሰልኩ። የሚጠግነውን ሬዲዮ ትቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«የትኛው ቤት ነው?» አለኝ ሳቁን ሲጨርስ።

«አጥሩ ቁልቋል ነው። አንዲት አሮጊት አሉ።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«‘ማን ሞተ?’ ብለው ጮኹ።»

ብሎን መፍቻውን በጣቶቹ መሐል አንከባለለው። «ነጠላው ስህተት ነው» አለ በመጨረሻ። «እንዴት አልታየኝም? አስደነገጥናቸው። ነጠላ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው የሚያስፈልገው፤ ነገ እናስብበታለን።»

ወደ ቤት አብረን ተመለስን። ዳገቱ መሐል ላይ አንድ ግንብ ተደግፎ ተቀመጠ። «አያ፣ ሸመገልክ እኮ!» አልኩት። «አንተ ሩጥ፣ እኔ እደርሳለሁ» አለኝ። ሮጥኩ። ይህንን ነው የማስታውሰው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ደከመኝ አለና አልጋው ላይ ጋደም አለ። እናቴ ለምሳ ጠራችው። አልተነሣም። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ አክስቴ ከጀርባዬ ተቀምጣ ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማሁ። ቀስ ብላ የተናገረች መስሏት ነበር። «ቅዳሜ እኮ ይሄ ታናሹ ነጠላ ታጥቆ በየመንደሩ ሲያስለቅስ ዋለ። ሳይሞት አስለቀሰበት። ሟርት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?»

ሟርት። ይህች ቃል ገባችብኝ። ባዮሎጂ ተምሬአለሁ፤ ነጠላ ሰው እንደማይገድል አውቃለሁ። ለፈተና ቢጠይቁኝ በትክክል እመልሳለሁ። ግን ቅዳሜ ሞት ሳይኖር እንደ ሞት ነጋሪ ሮጥኩ፣ ሰዎች አለቀሱ፣ እሑድ ወንድሜ ሞተ። ይህን በተማርኩት ነገር ማፍረስ አልቻልኩም። ሲነጋ ይመጣብኛል፣ እጄን ስታጠብ ይመጣብኛል። ሰው «እግዜር ያጥናህ» ሲለኝ ፊቱን አላየውም ነበር፤ አክስቴ የነገረችው እየመሰለኝ።

አሠልጣኛችን መጣ። ምርጫው ሁለት ወር እንደቀረው ነገረኝና «ስትችል ና» አለኝ። ሩጫ ትቻለሁ አልኩት። ኀዘን ነው ብሎ አሰበ። ኀዘን ብቻ አልነበረም። እኔ ስሮጥ ምን እንደሚከተል አላውቅም ነበር። የቀረችኝ እናቴ ብቻ ናት።

እናቴም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያንን ነጠላ አጥባ ከሣጥኑ ሥር ስትከተው አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ አውጥታ አልለበሰችውም። እሷም የአክስቴን ነገር ታምናለች፣ እኔን ላለመጉዳት ብላ ዝም አለች ብዬ ደመደምኩ። በአንድ ገበታ እየበላን ሳንነጋገር ቆየን። ቀን ቀን ሄጄ ከተዘጋው ሱቅ ፊት ለፊት እቀመጥ ነበር። የሚሠራ ነገር ስለሌለኝ እንጂ ምንም አልጠብቅም።

አርባው ደረሰ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ በልተው ሄደው፣ ግቢው ውስጥ ዘመድና ጎረቤት ብቻ ቀርቶ ነበር። ጠላ በማንቆርቆሪያ ይዤ ሳዞር በሩ ላይ አንዲት አሮጊት በትር ተደግፈው ገቡ። ባለ ቁልቋሏ ናቸው።

የተቀመጠ ሰው ጉልበት ላይ ጠላ ደፋሁ። በሕዝብ ፊት ሊናገሩኝ የመጡ መሰለኝ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። እዚያም አልተረፍኩም፤ ትንሽ ቆይተው እናቴን ተከትለው መጡ። አክስቴም፣ ወሬ እንዳያመልጣት፣ ከኋላ አለች።

«ይሄ ነው ሯጩ» አሉ አሮጊቷ። «ና ወዲህ። ምን ይደብቅሃል?»

ሄድኩ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀና ሳልል «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ያን ቀን…»

«ወንድምህን ትመስላለህ» አሉኝ፣ ሳያስጨርሱኝ። «እሱ ግን ሞላ ያለ ነበር። እኔ የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ማን ይነግረኛል? በየሁለት ሳምንቱ ይመጣ የነበረው ልጅ ቀረብኝ። ብጠይቅ፣ አርፏል አሉኝ።»

እናቴ «የት ነው የሚመጣው?» አለች።

«ጸበል ነዋ። ከእኔ ቤት በላይ ያለው ጸበል። አታውቂም?»

አናውቅም ነበር። በየሁለት ሳምንቱ «ገጠር ሶላር ልሠራ ነው» ብሎ ይሄድ ነበር።

አሮጊቷ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ነገሩን። ያን ዳገት በአንድ ትንፋሽ መውጣት ስለማይችል በራቸው ላይ ያርፍ ነበር። መጀመሪያ ውሃ ሰጡት። ቀጥሎ መጫወት ጀመሩ። ልቡን ያመው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለዕቃ ግዢ ብሎ ሌላ ከተማ ሲሄድ ተመርምሮ፣ ሐኪሞቹ በአዲስ አበባም ለማግኘት የሚያስቸግር ሕክምና ያስፈልገዋል ብለውታል። ከዚያ በየወሩ ክኒን ይውጥ ነበር። ለእሳቸው የነገራቸው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የእኛ ሰው ስላልሆኑ ነው።

«‘ለምን ለቤት አትናገርም?’ ስለው፣» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ «‘ታናሼ ሩጫውን ትቶ ሱቅ ይቀመጣል፤ እናቴም እንቅልፍ ታጣለች’ አለኝ። ‘በየቅዳሜው በደጅዎ የሚያልፈው ቀጭን እሱ ነው’ ብሎ አንተንም ነገረኝ። እኔም አንተ ስታልፍ፣ አሁንም አለ ማለት ነው እያልኩ አይሃለሁ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ቀስ ብሎ ነው የገባኝ፤ ከእግሬ ጀምሮ።

«እማማ፣ ያን ቀን ‘ማን ሞተ?’ ነበር ያሉት?»

«ማን ሞተ ለምን እላለሁ? ‘ሞተ?’ ነው ያልኩህ። ከዚያ ቤት የማውቀው በሽተኛ አንድ ነው። አንተን ነጠላ ታጥቀህ ሳይህ፣ በቃ ልጁ አለፈ አልኩ። ‘ደኅና ነው?’ ብዬም ጠየቅሁህ።»

ጠይቀውኛል። «ማን?» ብዬአቸው ነበር። ማን እንደሆነ ሊነግሩኝ አልቻሉም፤ ምሥጢሩ የእሱ ነው። እኔ ደግሞ አንዲት «ማን» ጨምሬ ለወንድሜ አወራሁለት። እሱ ግን ሳይሰማም ገብቶታል መሰለኝ። ብሎን መፍቻውን ያንከባለለው ለዚያ ነው።

እንዴት እንደምለው አላውቅም። አርባ ቀን ሙሉ፣ እኔ ስላስለቀስኩ ሞተ ብዬ አምኜ ነበር። ለካ እሳቸው ያለቀሱት እሱ አስቀድሞ ታሞ ስለነበር ነው። ሕመሙ ቀድሞ ነበር። ነጠላው ከኋላ ነው የመጣው። ወንድሜ ያው ሞቷል፤ ያ አልተለወጠም። እኔ ግን አልገደልኩትም። ተቀመጥኩ። መሬት ላይ፣ እንደ ሕፃን።

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ግን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። «እኔ እኮ ነኝ የሰጠሁት» አለች። «ከገመዱ ላይ አውርጄ በእጄ ያቀበልኩ እኔ ነኝ። እንዴት የሞት ነጠላ በልጄ ወገብ አሳሰርኩ እያልኩ፣ አርባ ቀን… ይሄ ልጅ የማያየኝ ለዚያ ይመስለኝ ነበር።»

«እኔ? እኔ አንቺ እኔን የማታዪኝ ይመስለኝ ነበር!» አልኳት።

ተያየን። በአንድ ቤት ሁለት ሰው፣ አንድ ነጠላ ለሁለት ተሸክመን፣ ለየብቻችን።

አክስቴ ከኋላ «እኔማ መጀመሪያውንም ሕመም ነው ብዬ ነበር» አለች።

አሮጊቷ ዞር ብለው አዩዋት። «አንቺ ምንም አላልሽም። አሁንም ምንም አትበዪ።»

እናቴ በእንባዋ መሐል ሳቅ አመለጣት። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

«ለመሆኑ ውሃውን በነጠላ ያሰረልህ ማን ነው?» አሉኝ አሮጊቷ።

«ወንድሜ ነው። ‘እንዲህ ሲታሰር አይቻለሁ’ ብሎ።»

«ያየውማ በራሱ ወገብ ላይ ነው። ጸበሉን በእጁ ይዞ መውረድ ሲያደክመው እኔ አስሬለት ነበር። ግን በመቀነት ነው እንጂ በነጠላ ነው? ነጠላ ይንሸራተታል። ወንድ ልጅ ምን ያውቃል! መቀነት ስጪኝ።»

እናቴ ገብታ ከሣጥኑ አንድ ሰፊ የጥጥ መቀነት አወጣች። አሮጊቷ በውሃ የተሞላች ፕላስቲክ አስመጥተው አቆሙኝና ማሰር ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ ዙር ባዶውን፣ ከእምብርቴ ዝቅ አድርገው፣ አጥብቀው ጠመጠሙ። ፕላስቲኳን ከኋላ፣ ወገቤ ጎድጎድ ያለበት ላይ አጋደሟት። ሁለተኛውን ዙር በላይዋ አሳለፉ። ከዚያ መቀነቱን በፕላስቲኳ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ጊዜ ጠመዘዙት፣ እንዳትወጣ። የቀረውን ከፊት አዙረው ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጡት። ቋጠሮ የለውም።

«ዝለል» አሉኝ።

ዘለልኩ። አልተንቀሳቀሰችም።

«ከፍ አድርገህ!»

የአርባው እንግዶች አንድ በአንድ ወደ ጓሮ መጥተው ነበር። እኔ የሴት መቀነት ታጥቄ ከሽንኩርቱ መደብ አጠገብ እዘላለሁ። አንድ ሽማግሌ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ሲሉ ሰማሁ። እናቴ «ምንም አልነካው፣ ውሃ ነው» አለች። ድምጿ የድሮው ድምጿ ነበር።

አሮጊቷ ስለመሸባቸው እኛ ጋ አደሩ። ጠዋት ገና ሳልነሣ ሲጨነቁ ሰማኋቸው። ዶሮዎቻቸውን ሸለምጥማጥ ፈርተው ቆልፈውባቸው መጥተዋል፤ እሳቸው እስኪደርሱ ፀሐዩ ይወጣል፣ ዶሮዎቹ በጥማት ያልቃሉ። እናቴ ወደተኛሁበት ክፍል ብቅ አለች።

«ሯጭ ነህ አይደል?» አለችኝ። «ሂድና ክፈትላቸው።»

ጫማዬን አልጋ ሥር አገኘሁት፤ ሸረሪት አድርቶበታል። አሮጊቷ ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን ቁልፍ ፈትተው በእኔ መቀነት ጫፍ ቋጠሩልኝ። ፕላስቲኳን እስከ አፏ ሞላሁና ወጣሁ።

ቦኖው ጋ ልጃገረዶች ጄሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቁ ነበር። አንዷ አየችኝ።

«እዩት፣ እዩት! መቀነት ታጥቋል!»

«እንኳን ማርያም ማረችህ!» አለች ሌላዋ። ሁሉም ጮኸው ሳቁ። «ወንድ ነው ሴት?»

«አሜን» አልኳቸው። እስከ መታጠፊያው ሳቃቸው ተከተለኝ።

ከተማውን ስወጣ እግሬ ከብዶኝ ነበር። አርባ ቀን ብዙ ነው። ጎኔን ወጋኝ፣ ቀስ አልኩ፣ ለቀቀኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሮጥኩ በኋላ ትዝ አለኝ፤ ውሃ መያዜን ረስቼዋለሁ። በእጄ ወደ ኋላ ዳሰስኳት። እዚያው ናት። ትከሻዬ አልወረደም፣ ሱሪዬን አልያዝኩም፣ ትንፋሼን የሚጨብጠኝ የለም። ሁለት እጄ ባዶ ነው። ጮክ ብዬ «አለች!» አልኩ፣ ማንም በሌለበት።

ቆሜ ትንሽ ጠጣሁ። መልሼ ሳስራት ግን ፕላስቲኳ ስለጎደለች ውሃው መላጋት ጀመረ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ጀርባዬን ይመታል። እንደገና ቆምኩ። አስቤ አስቤ፣ የፕላስቲኳን ጎን ጨምቄ አየሩን በሙሉ አስወጣሁና ጨምቄ እንደያዝኩ ክዳኗን አጠበቅሁ። ጎኗ ሰመጠ፣ ውሃው የሚላጋበት ቦታ አጣ። ዝም አለ። ይህችን እኔ ነኝ ያገኘሁት፣ ማንም አላሳየኝም። ከዚያ ወዲያ በጠጣሁ ቁጥር እንዲሁ አደርጋለሁ።

ቁልቋሉ ጋ ስደርስ መንደሩ ገና አልተነሣም። የዶሮ ቤቷ ከቤቱ ጎን ናት፣ በጭቃ የተመረገች፣ ጉልበቴ ድረስ ብቻ የምትደርስ። ቁልፉ ዝጎ ስለነበር ብዙ ታገለኝ። በሩን ስከፍተው ስድስት ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮ ተገፋፍተው ወጡ። አውራው እግሬን ጠቅ አደረገኝ። የሚጠጡበት ገል ደርቆ አቧራ ይዟል። በእጄ ጠረግሁትና ውሃዬን ቀዳሁበት፤ ለመመለሻ ሁለት ጉንጭ ያህል ለራሴ አስቀረሁ። አንድ ጊዜ ይጎነጫሉ፣ አንገታቸውን ወደ ሰማይ ያቀናሉ፣ እንደገና ይጎነጫሉ። ጠጥተው እስኪጨርሱ ቁጭ ብዬ አየኋቸው።